ገበጣ ከመጥረብ የተነሳው ኩባንያ



ስለ ቤተሰብ ስናወሳ የሪዝቅን ፍለጋ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ኩባንያ ውጣ ውረድ ነው። ኩባንያው የሚገኘው በሩቅ አገር በእንግሊዝ ነው። የሚሸጠውም ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው የጦርነት ጨዋታ የሚደረግባቸው፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ወታደሮች። «ይህ ለአሊዩ አምባና ለሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ምኑ ነው?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ኩባንያው ሀ ብሎ ሥራ ሲጀምር ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ልጆቻችን በየደጁ መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው የሚጫወቱት ገበጣ ነበር።

ገበጣን ማን አያውቅም? ጉድጓዶቹ በረድፍ ይቆፈራሉ፣ ጠጠሮቹ እኩል ይታደላሉ፣ ከዚያም ከአንዱ ጉድጓድ ተዘግነው በተራ አንድ አንድ እየተባሉ ይዘራሉ። ቆጥሮ የሚዘራ ይበላል፣ ሳይቆጥር የሚቸኩል ይበላበታል። ጨዋታው በዐረብኛ «መንቀላ» ይባላል። መድረሳ የገባ ልጅ ምንጩን ወዲያው ያገኘዋል፤ «ነቀለ» ማለት በዐረብኛ ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ነው፣ እንደ አማርኛው ከሥር መንቀል አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አካባቢዋ የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በዚያው ዓመት ስለ አገራችን ሰንጠረዥም ጽፈዋል። ጨዋታው የእኛ ለመሆኑ ምስክር አላጣንም። ሰሌዳውን ጠርቦ ለዓለም መሸጥ ግን ለሌሎች የታየ ነገር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ፒክ፣ ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን የተባሉ ሦስት ወጣቶች ለንደን ውስጥ አንድ ትንሽ ሥራ ጀመሩ። ስሙን «ጌምስ ወርክሾፕ» አሉት፤ የጨዋታ መሥሪያ እንደ ማለት ነው። ይሠሩ የነበረውም ከእንጨት የተጠረቡ የጨዋታ ሰሌዳዎችን ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ መንቀላ፣ ማለትም ገበጣ ነው። ይህ መሥሪያ በታኅሣሥ 2024 ለንደን የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ካሉት 100 ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገባ። በዚያ ዝርዝር ጎረቤቶቹ ባንኮች፣ የነዳጅ ኩባንያዎችና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ናቸው።

በመካከሉ ያሉት ሃምሳ ዓመታት ግን ቀና መንገድ አልነበሩም። ኩባንያው ወጥቷል፣ ወርዷል፣ ከስሯል፣ ተመልሶም ቆሟል። ወጣቶቻችን ነጋዴ ልሁን ወይስ ልሰደድ እያሉ በሚያስቡበት በዚህ ጊዜ ልናጤነው የምንፈልገው የወጣበትንና የወረደበትን ምክንያት ነው።

የሰው ዕቃ

የእንጨት ሰሌዳው ብዙ አላራመዳቸውም። ወጣቶቹ ጨዋታን የተመለከተች ትንሽ መልእክት አዘጋጅተው በየአድራሻው ይልኩ ስለነበር አንዷ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ዓይነት የምናብ ጨዋታ ያሳተመ ሰው እጅ ገባች። ሰውየው የጨዋታውን ናሙና ላከላቸው፤ እነርሱም ወደዱትና ለሦስት ዓመት በአውሮፓ ብቸኛ አከፋፋይ ሆኑ። ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጆን ፒክ ይህ አዲስ መንገድ ስላልጣማቸው ከሥራው ወጡ። የቀሩት ሁለቱ በ1976 የሚያድሩበት ቤት አጥተው ለተወሰነ ጊዜ በመኪና ውስጥ እያደሩ ሠሩ። በ1977 የራሳቸውን መጽሔት ማውጣት ጀመሩ፣ በ1978 ደግሞ የመጀመሪያ ሱቃቸውን በለንደን ሐመርስሚዝ ከፈቱ።

ገበያው ደራላቸው። ነገር ግን ዋናው ሸቀጥ የሰው ነበር። የሦስቱ ዓመት ውል ሲያልቅ አሜሪካዊው አሳታሚ በ1980 በእንግሊዝ የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ። አከፋፋይ ሆኖ የኖረ ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ይህ ነው፤ ገበያውን አንተ ታለማለህ፣ ዕቃው የእርሱ ነውና ባለቤቱ መጥቶ ይረከብሃል።

ሁለቱ ወጣቶች ግን ውሉ እስኪያልቅ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። በ1979 ብራያን አንሰል ከተባሉ ሰው ጋር ሆነው ሲታደል የተባለ፣ ከብረት ቅይጥ ትንንሽ ወታደሮችን የሚያወጣ መሥሪያ አቋቁመው ነበር። ከዚያም አንድ ብልህ ነገር ታያቸው። በዚያ በአሜሪካው ጨዋታ አንድ ተጫዋች የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ምስል ብቻ ነው። ሁለት ሠራዊት ተሰልፎ የሚዋጋበት ጨዋታ ቢኖር ግን ተጫዋቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ምስሎችን ይገዛል። በ1983 «ዋርሀመር» የተባለውን የራሳቸውን ጨዋታ አወጡ። በ1987 ደግሞ ታሪኩ ከዛሬ አርባ ሺህ ዓመት ግድም ወዲያ የሚፈጸም ሁለተኛ ጨዋታ አስከተሉ። ዛሬ ትልቁን ገበያ የያዘው ይኸው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የራሱን ታሪክ፣ የራሱን ሕግ፣ የራሱን ቅርጽ፣ የራሱን ቀለም፣ የራሱን መጽሔትና የራሱን ሱቅ ይዞ ቆመ። ምስሎቹን እስከ ዛሬ የሚነድፈውና የሚያመርተው ኖቲንግሃም በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ፣ በገዛ ፋብሪካዎቹ ነው።

መንገዱ ሲዞር

የሰው ዕቃ የማሳለፍን ነገር እኛ ከእንግሊዝ መማር አያሻንም፤ አሊዩ አምባ ራሷ በቂ ምስክር ናት። የዛሬ 180 ዓመት ግድም፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ቅፍለት፣ ከሐረርም የመጣ ነጋዴ ወደ አንኮበር ዳገት ከመውጣቱ በፊት የሚያራግፈው እዚሁ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የመጡት እንግሊዛውያን ሐሪስና ጆንስተን ስለ ዓርብ ገበያዋ ጽፈዋል፤ ጆንስተን እንዲያውም በከተማይቱ ተቀምጠው ከርመዋል። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ የህንድ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ይገላበጥ ነበር። በማርያ ትሬዛ ብር ይሸመታል፣ በአሞሌ ይመነዘራል። ከዚያው አጠገብ በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበርም መደበቅ አይገባንም፤ ያለፈን ንግድ የምናስታውሰው ለማሞገስ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ያ ገበያ ምን በላው? ዘራፊ አልመጣበትም፣ እሳትም አላጠፋውም። መንገዱ ዞረበት። በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ በ1887 ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፣ በ1902 የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቡናውን በበረሃ በግመል የሚያጓጉዝ ነጋዴ ምን ይፈልጋል? አሊዩ አምባ የነገሠችው በዋናነት በእርሷ በኩል በሚያልፍ ሸቀጥ ነበርና ሸቀጡ በሌላ በር ሲያልፍ ሞገሷ አብሮ አለፈ። በአካባቢው ሳይጠፋ የቆየው በሰው እጅ ውስጥ የነበረው ሙያ ነው፤ የአርጎባ ሸማኔ መወርወሪያውን ይዞ ቀረ። መንገድ ይዞራል፣ ሙያ ግን ባለቤቱ ካልጣለው በቀር ከእጅ አይወጣም።

የፊልሙ ዘመን

እዚህ ላይ ወደ ኩባንያችን እንመለስ፤ የራሱን ሙያ ይዞም የሚወድቅ አለና።

ጌምስ ወርክሾፕ በ1991 በሥራ አመራሮቹ ተገዛ፣ በ1994 አክሲዮኖቹ በለንደን ገበያ መሸጥ ጀመሩ። ከ2001 እስከ 2003 «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ፊልም በሦስት ክፍል ሲወጣ ኩባንያው ፈቃድ ገዝቶ የፊልሙን ገጸ ባሕርያት በትንንሽ ምስል ሠራ። ዓለም ሁሉ ፊልሙን አይቷልና ልጆች ወደ ሱቆቹ ጎረፉ። ዓመታዊ ሽያጩ በ2004 ግድም ከ150 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደረሰ። አመራሩም ይህ ጎርፍ የማይደርቅ ወንዝ መሰለው።

ፊልሙ አለቀ። ለፊልሙ ብለው የመጡት ልጆችም ሄዱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሽያጩ ወደ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ወረደ። በ2007 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። በዚያን ጊዜ ሊቀመንበር የነበሩት ቶም ከርቢ ለባለ አክሲዮኖቹ በጻፉት ደብዳቤ ጥፋቱን በሌላ አላላከኩም። በቀላል ስኬት ወፍረን ሰነፍን፣ ደንበኛን ማገልገል ረሳን የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፉ። የአንድ ትልቅ ኩባንያ መሪ እንዲህ ሲናገር መስማት የተለመደ አይደለም።

ይህን ለሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አምራች ብንነግረው አንዳች አዲስ ነገር አይሆንበትም። አንድ ዓመት ሽንኩርት ዋጋ ሲያወጣ በሚቀጥለው ዓመት የሮቢ ውሃ የሚደርሰው ማሳ ሁሉ ሽንኩርት ይሆናል። ያኔ ዋጋው ይወድቃል፣ ዕቃው ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ባለፈው ዓመት ትርፍ ቤት የጀመረው ሰው ጣሪያውን ሳይመታ ይቀራል። የአንድ ዓመት ጎርፍ የዘላለም ምንጭ አይደለም። ትርፉ የመጣው ከእኔ ሙያ ነው ወይስ ከወቅቱ? ይህን ጥያቄ ደግ ዓመት ላይ ሆኖ የሚጠይቅ ነጋዴ ክፉውን ዓመት ያልፋል።

ዱቤ ሲከመር

ጌምስ ወርክሾፕ ወደቀ እንጂ አልሞተም። ያልሞተበትን ምክንያት ለመረዳት ያንን የአሜሪካ አሳታሚ ማየት ይበቃል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ያወጣው ቲ.ኤስ.አር. የተባለው ድርጅት በዘመኑ ከእንግሊዛውያኑ ይልቅ እጅግ የታወቀ ነበር። መጻሕፍቱን የሚያከፋፍልለት አንድ ታላቅ ድርጅት ነበረ። በውላቸው መሠረት አሳታሚው ገንዘቡን ይቀበል የነበረው መጽሐፉ በአንባቢ እጅ ሲገባ ሳይሆን ወደ አከፋፋዩ መጋዘን ሲላክ ነው። ገንዘብ ባነሰ ቁጥር ተጨማሪ መጽሐፍ አትሞ መላክ ቀላል መውጫ መሰለ። ያልተሸጠው መጽሐፍ ግን ተመላሽ ነበረ፤ ተመላሹም ዕዳ ሆነ፤ ለማተሚያ ቤቱም ሳይከፈል ተጠራቀመ። በ1997 ቲ.ኤስ.አር. ራሱን ማዳን አቅቶት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። በ1999 ደግሞ ገዢው ራሱ ሐስብሮ በተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ተገዛ።

ጌምስ ወርክሾፕ ከኪሳራው በኋላ የያዘው መንገድ ተቃራኒው ነው። ወጪውን ቀነሰ፣ ሱቆቹን አሳነሰ፤ ብዙዎቹ ዛሬም አንድ ሰው ብቻ የሚሠራባቸው ናቸው። የባንክ ዕዳ ሳይሸከም በራሱ ገንዘብ መሥራትን ልማዱ አደረገ። ለባለ አክሲዮኖች የሚከፍለው ለሥራው ከሚያስፈልገው ተርፎ የተገኘውን ብቻ ነው። ይህን ያደረገው የወለድን ነገር እንደ እኛ አስቦበት አይደለም፤ ኪሳራ አስተምሮት ነው። እኛ ግን ምክንያቱ ከዚያም የበለጠ አለን። በአገራችን ዘምዘም ባንክ በ2021 ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የእኛ ነጋዴ ወለድን ሸሽቶ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር የሚደብቅበት ምክንያት ቀንሷል። ሆኖም ከባንክ ወለድ የሸሸ ሰው በሱቅ ዱቤ ተጠላልፎ ሲወድቅ ይታያል። ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ያወጣል፣ ለዘመድ በዱቤ ይሰጣል፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ እንደ ሀብቱ ይቆጥራል። ያልተሸጠ ዕቃ ሀብት አይደለም። ያልተከፈለ ዱቤም ትርፍ አይደለም። ቲ.ኤስ.አር.ን ያህል ድርጅት የጣለው ይህን መለየት አለመቻሉ ነው።

ደንበኛን መስማት

ዕዳ አለመኖሩ ከሞት አዳነ እንጂ አላሳደገም። እስከ 2015 ድረስ ሽያጩ በዚያው ረግቶ ቆየ። በ2015 ይባስ ብሎ ኩባንያው ደንበኞቹ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን የመጀመሪያውን ጨዋታ ዓለም አጥፍቶ በሌላ ተካው። የቀድሞ ደንበኞች እጅግ ተቆጡ፤ ዓመታት የደከሙበትን ሠራዊት በእሳት ያቃጠለ እንኳ ነበር። በዚያው ዓመት ኬቪን ራውንትሪ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ጠባይ ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ ከደንበኞቹ ጋር መነጋገሩን ትቶ የነበረው ድርጅት መልሶ መጠየቅና መመለስ ጀመረ። ለጀማሪ የሚሆን አነስ ያለ ዕቃ አወጣ፣ አስቸጋሪውን የጨዋታ ሕግ አቀለለ። ያጠፋውን የጥንቱን ዓለምም በ2024 መልሶ አወጣው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2016 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ሽያጩ 118 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ነበር። በ2025 በተዘጋው ዓመት፣ ስሙንና ታሪኩን ለቪዲዮ ጨዋታና ለመሳሰለው በማከራየት ያገኘውን ጨምሮ፣ ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ከ260 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አንድ አክሲዮኑ በ2016 መጀመሪያ ከ5 ፓውንድ ብዙም አይርቅም ነበር፤ በ2020 ከ100 ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዛሬ በተለያዩ አገሮች ከ500 በላይ ሱቆች አሉት።

ልብ በሉ፤ ድሮ የፊልም ሰዎችን ፈቃድ የሚለምነው እርሱ ነበር። በታኅሣሥ 2024 ግን አማዞን የእርሱን ታሪክ ወደ ፊልም ለመለወጥ ከእርሱ ጋር ተዋዋለ። በሰው ዕቃ የጀመረ ሰው የራሱን ዕቃ ሲያበጅ ተራው እንዲህ ይገለበጣል።

አንድ ሌላ ነገርም እንጨምር። በ2020 ኮሮና ሲገባ ፋብሪካውና ሱቆቹ ተዘጉ፤ መንግሥት ለሠራተኛ ደመወዝ ድጎማ ሰጠው። ሥራው ሲመለስና ትርፍ ሲያገኝ ድጎማውን መለሰ። በ2025ም ከትርፉ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። አማናን መጠበቅ የእኛ ትምህርት ነው፤ የተጠበቀበትን ቦታ ስናይ ግን የማን እንደሆነ ሳንመርጥ እንመስክር።

የማንወስደው

ይህን ሁሉ ስንል ጨዋታውን ለቤተሰብ እያስተዋወቅን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ምስል መሥራትና ማስቀመጥ በዑለማእ ዘንድ ሰፊ ውይይት ያለበት ጉዳይ ነው፤ የልጆች መጫወቻን በተመለከተም የተለየ ንግግር አለው። በዳይስ የሚደረግ ጨዋታንም ዑለማእ በብርቱ ያስጠነቀቁበት መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ዓምድ ፈትዋ አይሰጥም፤ ጠያቂ ሸይኹን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ውድ ነው። አንድ ሠራዊት ለማሟላት ብዙ መቶ ፓውንድ ይጠይቃል። ኩባንያውም አዲስ ነገር ማውጣት አያቆምምና ልጁ ሞላልኝ ብሎ አያርፍም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ይህን ይወቁት። ደንበኛን ማገልገልና የደንበኛን ምኞት መቆስቆስ በአንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የዛሬው ትርፍ ለነገ ዋስትና አይደለም። አሜሪካ በ2025 የጣለችው ቀረጥ ትርፉን ሊነካበት እንደሚችል ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። መንገድ በአሊዩ አምባ ላይ ብቻ አይዞርም።

ለእኛ ምን አለው?

ዛሬ በይፋት ቆላ አንድ ልጅ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ፊቱ የሚቆሙት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ትምህርቱ ከተሳካለት ይገፋበታል። ካልሆነ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕቃ አምጥቶ ይቸረችራል፤ ወይም በጅቡቲ በኩል ባሕር አቋርጦ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። በዚህ መንገድ ልጆቻቸውን ያጡ ቤቶች በየቀበሌው አሉ፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልገንም። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ውስጥ ግን አንድ የተቀመጠ ነገር አለ፤ የአባት የሽመና ዕቃ፣ የእናት የስፌት መስፊያ፣ የአጎት የብረት መቀጥቀጫ። ልጁ አልተማረውም። ለምን? «አንተ እንኳ ከዚህ ውጣ» ብለን ስላሳደግነው ነው።

የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ሸማኔውን በስድብ ስም ጠርተን ጋቢውን ለዒድ እንለብሳለን። ቀጥቃጩን እየሸሸን በማረሻው እናርሳለን። በኖቲንግሃም ያለ ጎልማሳ ግን አውራ ጣት የምታህል ምስል ቀርጾ ቤተሰቡን ያስተዳድራል፣ ማንም አይንቀውም፤ ኩባንያውም በእርሱ እጅ ሙያ የተነሳ ከባንኮች ጎን ተሰልፏል። የእኛ ሸማኔ ጥለት ከዚያ ምስል በምን ያንሳል? የሚያንሰው ታሪኩ ስላልተነገረለት፣ ስም ስላልወጣለት፣ ደላላ በመካከል ገብቶ ሸማኔውና ለባሹ ስለማይተዋወቁ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ ምስሉን ብቻ አይሸጥም፤ ምስሉ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚቀባ ያስተምራል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ልጁን አስቀምጦ ብሩሽ ያስይዘዋል። የአርጎባን ጥለት ትርጉም ለልጆቻችን የሚያስተምር ሱቅስ ስንት አለን?

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ትምህርታቸውን ይማሩ፤ እኛም መምህራን ነንና ትምህርት ይቅር የሚል ቃል ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ክረምት ሲመጣ ልጁ ከአባቱ ሙያ አንዱን ይያዝ። የሒሳብ ደብተር መያዝ የሚችል ልጅ ለሸማኔ አባቱ የገባውንና የወጣውን ይጻፍለት፤ ዱቤውን ከትርፉ ይለይለት። ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ወንድም ያለው ቤተሰብ ገንዘቡ ሁሉ በግድግዳና በቆርቆሮ እንዳያልቅ ይምከርበት፤ ጥቂቱ በሽርክና ለአንድ ባለ ሙያ የሥራ ማንቀሳቀሻ ቢሆን ባለ ገንዘቡም ባለ ሙያውም ይጠቀማሉ፣ በሸሪዓችንም የታወቀ መንገድ ነው።

ወጣቶች ሆይ! የምትቸረችሩት ዕቃ የሰው ከሆነ መቸርቸር ነውር የለውም፤ አሊዩ አምባም በዚሁ ታውቃ ነበር። ብቻ ሁለቱ የለንደን ወጣቶች ውሉ ሳያልቅ ያደረጉትን አድርጉ፤ በሰው ዕቃ ትርፍ የራሳችሁን ሙያ ግዙ። ዓመቱ ደግ ሲሆን ወቅቱን ከሙያችሁ ለዩ። የተቆጣ ደንበኛን አትሽሹት፤ የሚቆጣው ዕቃችሁን ስለሚወድ ነው፤ ዝም ብሎ የሄደው ነው የሚያስፈራው።

ገበጣም ይህንኑ ያስተምራል። አንዱ ጉድጓድ በጠጠር ስለሞላ ብቻ ባለቤቱ አሸነፈ አይባልም። ተራው ሲደርስ ያንን ሙሉ ጉድጓድ ዘግኖ፣ ቆጥሮ፣ ባዶዎቹ ላይ መዝራት አለበት። ሞልቶ የተከማቸውን ይዞ የተቀመጠ ግን ባላሰበው ሰዓት ባላጋራው ጠቅልሎ ይበላዋል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ በረካ ያለውም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።